ሚዛን የሚሰርቅ እጅ፦ በአማተር ፑል ሊግ ደረጃ እንዴት ይሰጣል፣ እንዴትስ ይዋሻል?

ሰፈር ፑል ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጎበዙ ልጅ ስቲኩን ጠመኔ እየቀባ «ና፣ ሁለት ኳስ ልስጥህ» ይላል። ደካማው «ሦስት ካልሰጠኸኝ አልነካም» ይላል። ይከራከራሉ። የጠረጴዛውን ሂሳብ ተሸናፊ ስለሚከፍል ክርክሩ የዋዛ አይደለም። ዙሪያውን የቆመው ተመልካችም ይገባበታል። «ኧረ ሁለት ይበቃዋል፣ ትናንት አይተነው የለ!» ይላል አንዱ። በመጨረሻ ይስማሙና ጨዋታው ይጀመራል።

ይህች ጨዋታው እኩል እንዲሆን ለደካማው የምትሰጥ ብልጫ ሃንዲካፕ ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ ያሉት የአማተር ፑል ሊጎች ከሰው አፍ አውጥተው በቁጥር ተክተዋታል። ሰፈር ውስጥ ማን ምን ያህል እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ሊግ ውስጥ ግን ዛሬ ማታ የምትገጥመውን ሰው ምናልባት አይተኸው አታውቅም። የምታየው ከስሙ አጠገብ የተጻፈችውን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሯ እውነት ከሆነች ጨዋታው ይጣፍጣል። ውሸት ከሆነች ግን ገና ኳሱ ሳይበተን ተሸንፈሃል፣ እንደተሸነፍክም አታውቅም።

ለዚህ ነው ጉዳዩን በደንብ ማስረዳት የፈለግኩት። አሜሪካ ያሉ ብዙ ሐበሾች በነዚህ ሊጎች ይጫወታሉ። እኔም ዓመታት ተጫውቻለሁ። ደንቡን የሚያውቀው ብዙ ነው፣ ደንቡ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ የሚያውቀው ግን ትንሽ ነው።

ቁጥሯ ምን ትሠራለች?

ከሊጎቹ ሁሉ ትልቁ አሜሪካን ፑልፕሌየርስ አሶሲየሽን ነው፤ ባጭሩ ኤፒኤ ይሉታል። ቴሪ ቤል እና ላሪ ሃባርት የተባሉ ሁለት ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች በ1979 በፈረንጅ አቆጣጠር መሠረቱት። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሚዙሪ ግዛት፣ ሌክ ሴንት ሉዊስ የምትባል ከተማ ነው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ከሥራ የሚወጣ ተራ ሰው በሳምንት አንድ ማታ መጥቶ ከጎበዙም ጋር ተጫውቶ የማሸነፍ ዕድል ይኑረው አሉ።

በስምንት ኳስ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው ከ2 እስከ 7 ደረጃ ይሰጠዋል። 2 ጀማሪ ነው፣ 7 የለየለት ጎበዝ። ሁለት ሰዎች ሲገጥሙ እኩል ጨዋታ እንዲያሸንፉ አይጠበቅም። 7 ከ2 ጋር ከገጠመ፣ ጎበዙ 7 ጨዋታ ማሸነፍ አለበት። ደካማው 2 ካሸነፈ ይበቃዋል። 7 ከ4 ጋር ከሆነ 5 ለ2 ነው። ሁለቱም 5 ከሆኑ 4 ለ4። በዘጠኝ ኳስ ደግሞ ደረጃው ከ1 እስከ 9 ሲሆን የሚቆጠረው ነጥብ ነው። ደረጃ 1 ያለው 14 ነጥብ ሲበቃው ደረጃ 9 ያለው 75 መሰብሰብ አለበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ፤ የነገሩ ክብደት የሚታየው በሂሳቡ ነው።

7 ለ2 የሚለው ውድድር ሚዛኑን የሚጠብቀው፣ ጎበዙ ከ10 ጨዋታ 8ቱን የሚያሸንፍ ዓይነት ሰው ሲሆን ነው። ያኔ የማታው ውጤት ሃምሳ ለሃምሳ ይሆናል። አሁን ደካማ የተባለው ሰው ትንሽ አቅም ደብቋል እንበል። በእውነቱ ጎበዙ ከ10 ጨዋታ 7ቱን ብቻ ነው የሚያሸንፈው። ልዩነቷ ከአስር አንድ ጨዋታ ናት። ታዲያ የጎበዙ ዕድል ስንት ይሆናል? ከሃምሳ በመቶ ወደ 25 ገደማ ይወርዳል። የተደበቀው ከአስር ሁለት ጨዋታ ቢሆን፣ ወደ 10 በመቶ ገደማ። ትንሽ የምትመስል ውሸት ውድድሩን ሙሉ በሙሉ ትገለብጣለች። ሱቅ ሄደህ ከኪሎው ላይ መቶ ግራም ቢጎድልብህ ጉዳትህ መቶ ግራም ነው። ፑል ሊግ ላይ ግን ሚዛን የሰረቀ ሰው መቶ ግራም አንሥቶ ግማሹን ኪሎ ይወስዳል።

ደረጃው ከየት ይመጣል?

ማሸነፍና መሸነፍ ብቻ አይደለም የሚቆጠረው። ኤፒኤ ሙሉ ቀመሩን ይፋ አያደርግም፤ ሆን ብሎ ነው፣ ሰው ቀመሩን ካወቀ ለቀመሩ ይጫወታልና። ግን ወረቀቱ ላይ የሚሞላው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ የምንሞላው እኛው ስለሆንን። ዋናዎቹ ኢኒንግ እና ሴፍቲ ናቸው።

ኢኒንግ ማለት የተራ ዙር ነው። አንተ መትተህ ስተህ፣ ተጋጣሚህም መትቶ ሲስት አንድ ኢኒንግ ይሆናል። ጎበዝ ሰው ጠረጴዛውን በጥቂት ተራ ያጸዳዋል። ጀማሪ ብዙ ተራ ይፈጅበታል። ስለዚህ በጥቂት ኢኒንግ ያሸነፈ ሰው ጎበዝ ነው፣ ደረጃው ይወጣል።

ግን አንድ ችግር አለ። ጎበዝ ሰው ሁልጊዜ ለማስገባት አይመታም። አንዳንዴ ነጯን ኳስ ሆን ብሎ ከሌላ ኳስ ጀርባ ይሸሽጋታል፣ ተጋጣሚው የሚመታው እንዲያጣ። ይህ ሴፍቲ ይባላል፤ የመከላከያ ምት ነው። ሴፍቲ ሲመታ ኳስ አላስገባም፣ ተራውም ያልፋል። ኢኒንግ ብቻ ከተቆጠረ የጎበዙ ብልሃት እንደ ስንፍና ይመዘገባል። ስለዚህ ውጤት መዝጋቢው «ይቺ ሴፍቲ ናት» ብሎ ለብቻዋ ምልክት ያደርጋል።

አንድ ሰው በማታው 4 ጨዋታ አሸነፈ፣ 20 ኢኒንግ ፈጀበት እንበል። ሲካፈል በጨዋታ 5 ነው። ከነዚያ ተራዎች 8ቱ ሴፍቲ ከነበሩና ከተመዘገቡ ግን የሚቀረው 12 ነው። በጨዋታ 3 ማለት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ማታ፣ እርሳሱ ምልክቷን ስላደረገና ስላላደረገ ብቻ ሁለት የተለያየ ሰው ይመስላል።

ማጭበርበሩ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። አንደኛው መንገድ ሆን ብሎ መሳት ነው። አይቼዋለሁ። ኳሷ ቀዳዳው ከንፈር ላይ ተንጠልጥላለች፣ ብትተነፍስባት ትገባለች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ያነጣጥራል። ይመታል። ነጯ ቀድማ ጠርዙን ትነካና ኳሷን በትንሽ ጣት ወርድ ትስታታለች። ከዚያ ራሱን ይነቀንቃል፣ የተናደደ ይመስላል። እንዲህ የሚስተው ግን ተጋጣሚው ምንም መምታት በማይችልበት ቦታ ነጯን እያስቀመጠ ነው። እዚያ ላይ ነው የሚታወቀው። በእውነት የሳተ ጀማሪ ነጯን የት እንደሚያቆማት አይመርጥም።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ጸጥተኛ ነው። መዝጋቢው ሴፍቲውን አይቶ ዝም ይላል። ማንም ሆን ብሎ አልሳተም፣ ማንም አልዋሸም ይመስላል። እርሳሱ ብቻ አልተነሣም።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሰው ለምን ያንን ያደርጋል ስትል ብዙዎች «ለገንዘብ» ይላሉ። ለአንዳንዱ እውነት ነው። ከየአካባቢው ያለፉ ቡድኖች በየዓመቱ ላስ ቬጋስ ላይ ይገናኛሉ፣ ሽልማትም አለው። እኔ እንዳየሁት ግን ትልቁ ግፊት ከሌላ ቦታ ይመጣል።

ኤፒኤ ውስጥ 23 የሚሉት ሕግ አለ። በስምንት ኳስ አንድ ቡድን በአንድ ማታ የሚያሰልፋቸው አምስት ተጫዋቾች ደረጃቸው ሲደመር ከ23 መብለጥ የለበትም። ሕጉ ጥሩ ነው፤ አምስት ጎበዝ ተሰብስቦ ሁሉን እንዳይጨፈልቅ ይከለክላል። 7፣ 6፣ 5፣ 3፣ 2 ብታሰልፍ ልክ 23 ነው። አሁን ግን 5 የነበረው 6 ሆነ፣ 3 የነበረው 4 ሆነ። 25 ገባህ። ሁለት ዓመት አብረህ የተጫወትክበት ቡድን በአንድ ማታ መሰለፍ አቃተው። አንዱ መውጣት አለበት።

እዩት እንግዲህ። ልጁ ተለማመደ፣ ጎበዘ፣ ደስ ሊለው ሲገባ ጓደኞቹን አጣ። ካፒቴኑም ልጁ እንዳይጎብዝ ሳይሆን የጎበዘው እንዳይታወቅ ይመኛል። ይህን ስል ላጸድቀው አይደለም። ግን ከየት እንደሚመጣ ሳናውቅ «ሌቦች» ብለን ብንጮህ አንዱንም አናስተካክለውም።

ይህን የምለው እኔም ስላደረግኩት ነው። ቡድናችን ውስጥ ሦስት ሐበሾች ነበርን። ካፒቴናችን በዕድሜ ይበልጡናል፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ዘግይቶ የወጣውን ሁሉ በመኪናቸው ቤቱ የሚያደርሱ። እኔ መዝጋቢ ነበርኩ። አንዱ ልጃችን ደረጃው 3 ነበር፣ ወቅቱን ሙሉ ግን ሲሻሻል እያየነው ነው። አንድ ማታ ግሩም ሴፍቲ መታ። ምልክት ላደርግ እርሳሴን ሳነሣ ጋሼ ትከሻዬ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «ተዋት ይቺን። የልጁ ደረጃ ከወጣ እንበተናለን» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ተውኳት። ከዚያ በኋላ ያለችውንም ተውኳት። ወቅቱ እስኪያልቅ ማንም ትከሻዬን መንካት አላስፈለገውም።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጃችን ደረጃዋ 2 ከሆነ ሴት ጋር ተመደበ። የመጀመሪያ ወቅቷ ነው። ስቲኳ ገና አዲስ ነው፣ ከዕቃው ላይ የዋጋ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ አልተላጠም። 3 ከ2 ጋር ሲገጥም ውድድሩ 3 ለ2 ነው። ልጃችን 3 ለ1 አሸነፋት። ያሸነፈችውን አንዷን ጨዋታ ስታሸንፍ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ነበር። ሲያልቅ ሁላችንንም ጨበጠችንና «ለዚህ ጨዋታ የተፈጠርኩ አይመስለኝም» አለች።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። ልጃችን በእውነቱ 5 ነበር። 5 ከ2 ጋር ሲገጥም ውድድሩ 5 ለ2 ነው። 3 ለ1 ሲሆኑ ጨዋታው አያልቅም ነበር ማለት ነው። እሱ ገና ሁለት ይቀረዋል፣ እሷ አንድ ብቻ። አሸናፊ ልትሆን አንድ ጨዋታ የቀራት ሰው፣ እኔ እርሳስ ስላላነሣሁ፣ አልችልም ብላ ሄደች። በሚቀጥለው ወቅት አላየኋትም።

አቅም መደበቅ የሚጎዳው ጎበዙን ነው ብለን እናስባለን። ጎበዙ ይናደዳል፣ ለሊጉ ያመለክታል፣ ነገ ይመለሳል። ጀማሪው ግን የተሰረቀው ምን እንደሆነ አያውቅም። ጥፋቱን ራሱ ላይ ነው የሚያገኘው።

ሌሎች እንዴት ይከላከሉታል?

ጎልፍ ይህን ችግር ከፑል ቀድሞ ያውቀዋል። ከ2020 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የሃንዲካፕ ሥርዓት ከመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶችህ ውስጥ ምርጥ 8ቱን ብቻ ወስዶ አማካይ ያወጣል። ምርጦቹን ለምን? ምክንያቱም ሰው ከአቅሙ በታች መጫወት ሁልጊዜ ይችላል፣ ከአቅሙ በላይ መጫወት ግን እንደፈለገ አይችልም። መጥፎ ውጤት ውሸት ሊሆን ይችላል፣ ጥሩ ውጤት ግን አይዋሽም። እኔ በበኩሌ ደረጃ ስለመስጠት ከሰማሁት ሁሉ ይህን የመሰለ ብልህ ሐሳብ አላውቅም።

ሌላው መንገድ ፋርጎሬት ነው። የጀመሩት ማይክ ፔጅ የተባሉ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ስሙም ከሰሜን ዳኮታዋ ፋርጎ ከተማ የመጣ ነው። ፋርጎሬት ኢኒንግ አይቆጥርም፣ ሴፍቲም አይቆጥርም። ማን ማንን በስንት ጨዋታ አሸነፈ የሚለውን ብቻ ይወስዳል፣ የተጋጣሚውን ጥንካሬም አብሮ ያሰላል። የ100 ነጥብ ልዩነት ካለ ጎበዙ አንድ ሲሸነፍ ሁለት ያሸንፋል ማለት ነው። 200 ከሆነ አራት ለአንድ። የዓለም ቁንጮዎቹ ከ800 በላይ ናቸው። ቢሲኤ የሚባለው የፑል ሊግ ይጠቀምበታል።

እዚህ ደረጃህን ለማውረድ የግድ ጨዋታ መሸነፍ አለብህ። ይህ ያማል፣ ለዚህም ማጭበርበሩ ይከብዳል። ግን አይቻልም ማለት አይደለም። ቡድኑ አሸንፎ ከጨረሰ በኋላ የቀሩትን ጨዋታዎች እየለቀቀ የሚሄድ ሰው አለ። ደግሞም ፋርጎሬት ደረጃህን የጸና ነው የሚለው ቢያንስ 200 ጨዋታ ሲመዘገብልህ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ግምት ነው።

ይህ ግምት እኛን በቀጥታ ይነካናል። አዲስ አበባ ወይ ሐዋሳ ፑል ቤት ውስጥ አሥር ዓመት የተጫወተ ልጅ አሜሪካ መጥቶ ሊግ ሲገባ ወረቀቱ ባዶ ነው። ማንም አያውቀውም። ሊጉ እንደ ማንኛውም አዲስ ሰው ያየዋል። ያኔ ካፒቴኑ «የት ነው የምትጫወተው የነበረው?» ብሎ ሲጠይቅ «ኧረ አልፎ አልፎ ነው» ማለት ትሕትና ይመስላል። እኛ ደግሞ ራስን ዝቅ ማድረግ በደንብ ያስተማሩን ሰዎች ነን። ግን እዚህ ቦታ ትሕትና ሰው ይጎዳል። «ብዙ ዓመት ተጫውቻለሁ፣ በደንብ እችላለሁ» ማለት ጉራ አይደለም። መታወቂያ እንደማሳየት ነው።

በሌላ በኩል ያሸነፈህን ሁሉ ሌባ አትበል። ይህንም ጠንከር አድርጌ ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ቡድን ያፈረሰው እሱ ነውና። ደረጃ የትናንት ሥዕል ነው። በሦስት ወር በጣም የሚሻሻል ሰው አለ፣ ቁጥሩ ገና አልደረሰበትም። አንድ ማታ እጁ የገባለት ሰውም አለ። ደረጃው 3 የሆነ ሰው አራት ኳስ በተከታታይ አስገባ ማለት 6 ነው ማለት አይደለም። አንድን ማታ አይተህ አትፍረድ። ደጋግመህ አይተህ ከተጠራጠርክ፣ ያየኸውን ምት በዝርዝር ጽፈህ ለሊጉ ኃላፊ ስጥ። ኃላፊው ደረጃ የማሻሻል ሥልጣን አለው። በትልልቅ ውድድሮችም ዳኞቹ እዚያው ደረጃ ከፍ ያደርጋሉ፣ ቡድን እስከ ማባረርም ይደርሳሉ። ቡና ቤቱ መሐል ቆሞ መጮህ ግን የተጠረጠረውን አያጋልጥም፣ ንጹሑን ያሳፍራል።

ከሁሉ የሚሠራው መድኃኒት ግን ቀላል ነው። ሁለቱም ቡድኖች የየራሳቸውን ወረቀት ይይዛሉ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ጎን ለጎን አድርጓቸው። የአንዱ 6 ኢኒንግ የሌላው 4 ካለ እዚያው ይነጋገሩበት፣ ማታው ካለቀ በኋላ ማንም አያስታውሰውም። የማታውቀውን ምት ደግሞ ተጫዋቹን ጠይቀው። ሴፍቲ ማለት ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ነው፣ እሱን ደግሞ ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወቅት በኋላ ለጋሼ «ከእንግዲህ ሁሉንም እጽፋለሁ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ጻፍ እንግዲህ» አሉ። ልጃችን 4 ሆነ፣ ወዲያው 5 ሆነ። ቡድኑም እንደፈሩት ለሁለት ተከፈለ። አሁን እኔና ልጁ በተለያየ ቡድን ነን። ባለፈው ወር ተገጣጠምን፣ ሁለታችንም መዝጋቢ ሆነን አንድ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጥን። የኔ ቡድን ተጫዋች ነጯን ቀስ አድርጎ ከ8 ቁጥሯ ጀርባ አቆማት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «ሴፍቲ ነው አይደል ወንድሜ?» አለኝ። «ነው» አልኩት። ሁለታችንም ጻፍን።